ከጡረታ በኋላ መልክዓ ምድርና የዱር እንስሳትን መሳል፦ ከእርሳሱ እስከ ጭላዳው

ጡረታ ወጥቶ ሥዕል ልጀምር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ደግሞ በዚህ ዕድሜ?» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከገዛ ቤቱ። ሰምተው እንዳልሰሙ ይለፉት። ተራራ፣ ዛፍና እንስሳ ለመሳል ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። እሱ ደግሞ አሁን በእጅዎ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ቅዳሜን ጠብቆ፣ ከትራፊክ ጋር ታግሎ እንጦጦ ሲደርስ ጥሩው ብርሃን አልፏል። እርስዎ ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም በማለዳ እዚያው መቀመጥ ይችላሉ።

ስለዚህ የምመክርዎ ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሳል፦ ብዙ ቦታ አይዙሩ። አንድ ቦታ ይምረጡና ይመላለሱበት። ያው ተራራ በመስከረምና በኅዳር፣ በጠዋትና በማታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ሩብ መንገዱን ሄዷል።

ቦታ መምረጥ

አዲስ አበባ ለሚኖር እንጦጦ አለ፣ የጉለሌ የእፅዋት ማዕከል አለ። የቢሾፍቱ ሰው ሐይቆቹ ደጁ ናቸው፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። ሐዋሳ የሚኖር ደግሞ ከሁላችንም የታደለ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንስሳቱ ጋ ስንደርስ እነግርዎታለሁ። ከከተማ መውጣት የሚከብድዎ ከሆነም አይጨነቁ። አንድ ያረጀ ጽድ ወይም ወይራ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለአንድ ዓመት ይበቃል።

ቦታ ሲመርጡ ውበቱን ብቻ አይዩ። ሳይደክሙ ይደርሱበታል? ከቀትር በፊት ጥላ አለው? አቅራቢያው መጸዳጃ አለ? ሦስተኛውን ማንም ደፍሮ አይጽፈውም እንጂ ከ60 ዓመት በኋላ ውጭ ተቀምጦ የሚሳል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው።

መታወቂያዎን ይያዙ። ወታደራዊ ግቢ፣ ቤተ መንግሥት ወይም ጥበቃ የሚደረግለት ተቋም አጠገብ ወረቀት ዘርግቶ መቀመጥ ጥያቄ ያመጣል፤ ፊትዎን ወደ ተራራው ያዙሩና ራቅ ይበሉ። ልጆች መክበባቸው አይቀርም። አይቆጧቸው። ለአንዱ ወረቀትና እርሳስ ይስጡት፤ ሌሎቹ ወደ እሱ ይዞራሉ፣ እርስዎም ሥራዎን ይቀጥላሉ።

የሚይዙት ዕቃ ቀላል ይሁን። ታጣፊ ወንበር፣ ባርኔጣ፣ ጋቢ፣ ሻይ ያለበት ፔርሙዝ፣ ውኃና የሥዕል ቦርሳ። የሚከብድ ነገር ከያዙ በሦስተኛው ቀን ቤት ይቀራሉ።

የመጀመሪያው ወር፦ እርሳስ ብቻ

ቀለም አይግዙ። አዎ፣ ያጓጓል። ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቀለም የገዛ ሰው በሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈተናል፤ በቅርጹም በቀለሙም። መጀመሪያ ቅርጹንና ጥላውን ይልመዱ።

አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር፣ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ፣ ላጲስ፤ በቃ። ደብተሩ መስመር የሌለው ይሁን። ከካርቶን መሐሉን በአራት ማዕዘን ቆርጠው መስኮት ይሥሩ። በእሱ ውስጥ አሻግረው ሲመለከቱ ከዚያ ሁሉ ሜዳና ሰማይ የትኛውን ቁራጭ እንደሚወስዱ ይታይዎታል። የጀማሪ ትልቁ ችግር ሁሉንም ማስገባት መፈለጉ ነው።

ቀጥሎ ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉ። ቅጠሉ፣ ሣሩ፣ ድንጋዩ ይጠፋና ትልልቅ ጥቁርና ነጭ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ። እነሱን ከክብሪት ሳጥን ብዙም በማይበልጥ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይሳሉ። ሦስት ደረጃ ብቻ ይጠቀሙ፦ የወረቀቱ ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫ፣ ጥቁር። በአንድ ገጽ ላይ ስድስት እንዲህ ያለ ትንሽ ንድፍ ይሥሩ። አንዱ ከሌሎቹ በልጦ ዓይን ይስባል፤ ወደ ትልቅ ሥዕል የሚሄደው እሱ ነው። በጥቁርና ነጭ ያላማረ ንድፍ በቀለም አያምርም።

ስለ ዓይንና ስለ እጅ

ይሄን ወጣቶች የሚጽፉት መመሪያ ውስጥ አያገኙትም።

ፀሐይ ላይ የሚጠቁር መነጽር ካለዎት ሲሳሉ ያውልቁት። ቀለሙን ሁሉ ይለውጥብዎታል፤ ውጭ ያማረው ሥዕል ቤት ሲገባ ሌላ ይሆናል። ለሩቅና ለቅርብ ሁለት መነጽር የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሸራው ከሁለቱም መሐል ላይ ይወድቅበታል። መነጽር ሠሪው ጋ ሲሄዱ ክንድዎን ዘርግተው «እዚህ ርቀት ላይ ነው የምሠራው» ብለው ያሳዩት።

የዓይን ሞራ ሰማያዊን ያደበዝዛል፣ ነገሩን ሁሉ ቢጫና ቡናማ ያለብሰዋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ እንኳ ለዓመታት በዚህ ተቸግሮ በ1923 እ.ኤ.አ. ነው ቀዶ ሕክምና ያደረገው። ስለዚህ ሥዕልዎን ያየ ሰው ሁሉ «ቢጫ በዛበት» ካለዎት በራስዎ አይፍረዱ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብሩሹን እንደ እስክርቢቶ ጫፉ ጋ አይያዙ። ወደ ኋላ ይያዙና ከትከሻዎ ይሳሉ። ትልቅ ብሩሽ ከትንሽ ይሻላል። ለቀጭን መስመር ደግሞ የድሮ ሠዓሊዎች ዘዴ አለ፦ ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቀጭን ዱላ የሸራው ጠርዝ ላይ ያስደግፉና እጅዎን እሱ ላይ ያሳርፉ። ከእንጨት ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃል።

ቀለሙ

ከውኃ ቀለም፣ ከአክሪሊክና ከዘይት ቀለም የቱ ይሻላል? እኔ ለጀማሪ ጡረተኛ አክሪሊክን እመርጣለሁ። የውኃ ቀለም ቀላል ይመስላል እንጂ ስሕተት አይሸፍንም፤ ደግሞ ሲደርቅ ይደበዝዛል። ለጉዞ ንድፍ ግን ድንቅ ነው። ዘይት ቀለም ውብ ነው፤ ግን ሳምንት የሚፈጅ መድረቅ፣ የማቅጠኛው የተርፔንታይን ሽታ፣ የጠበበ ቤት። ዘይት ከመረጡ መስኮት ይክፈቱ። በሊንሲድ (የተልባ) ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ጨምድደው አይጣሉ፤ ተቆልሎ ከቆየ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

አክሪሊክ በውኃ ይሠራል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ካላማረ በላዩ ይቀባል። የአዲስ አበባ ደረቅ አየርና ፀሐይ ግን ከሚገባው በላይ ያደርቀዋል። ትንሽ የውኃ መርጫ ይያዙና ፓሌትዎን (ቀለም የሚያደባልቁበትን ሰሌዳ) እርጥብ እያደረጉ ይሥሩ። ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁርም ይወቁ።

የሚገዙት ቱቦ ስድስት ቢሆን ይበቃል፦ ቲታኒየም ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ሌመን የሎው (ደማቅ የሎሚ ቢጫ)፣ የሎው ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና አሊዛሪን ክሪምሰን (ጠቆር ያለ ቀይ)። ጥቁር የለም። አልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲቀላቀሉ ከቱቦ ከሚወጣው ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ጥቁር ይሰጣሉ፤ ነጭ ሲጨመርበት ደግሞ የደመና ግራጫ።

ከውጭ የሚገባ ሸራ ውድ ነው። ስለዚህ ራስዎ ይወጥሩ። አናጢ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ይሥራልዎት፤ አቡጀዲ ይወጥሩበት፤ በውኃ የቀጠነ ኮላ ይቀቡት። ሲደርቅ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ እየደረበ ይቀባ፤ በየመሐሉ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ይደረግ። ለመቶ ዓመት አይቆይም፤ ለመማሪያ ግን ከበቂ በላይ ነው። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ አያስፈራም። በውድ ሸራ ፊት የሚንቀጠቀጥ እጅ በአቡጀዲ ፊት ይደፍራል።

ብርሃኑን መጠበቅ

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ቀን በ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላው እግር ሥር ይገባል፤ ተራራው ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ ሰዓትዎ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ነው። መሐሉ የምሳና የእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ ጡረተኛ ደግሞ ለዚህ ፈቃድ አይጠይቅም።

ጥላው በየሩብ ሰዓቱ ይሄዳል። አብረውት አይሩጡ። ሲጀምሩ የጥላውን ቦታ በእርሳስ ያስምሩና ሥዕሉ እስኪያልቅ በዚያው ይጽኑ። ካላለቀ ነገ በዚያው ሰዓት ይመለሱ። አንድ ቦታ ይያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከወቅቶች ሁሉ የምወደው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለውን ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ የሩቁ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሰዋል፤ በኅዳር የጤፉ ማሳ ይገረጣል፣ አውድማው ይሞላል። የካቲትና መጋቢት አቧራ ነው፤ ሩቁ ወተት ይመስላል። ግን እሱም የራሱ ውበት አለው፤ በሦስት ቀለም የሚያልቅ ሥዕል ነው።

መልክዓ ምድሩን መገንባት

እንጦጦ ላይ ሆነው ወደ ደቡብ ይመልከቱ እንበል። ቅርቡ የባህር ዛፍ ግንድና ሣር፣ መሐሉ ከተማው፣ ሩቁ እነ የረርና ወጨጫ። ከሩቁ ይጀምሩ። መጀመሪያ ሰማዩን፤ ላዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ወደ ታች ሲመጣ እየነጣ የሚሄድ። ቀጥሎ የሩቁን ተራራ፤ አልትራማሪን፣ ብዙ ነጭ፣ ጥቂት ሲየና። ከሰማዩ በትንሹ ብቻ ይጥቆር። ጀማሪ ተራራ አረንጓዴ መሆኑን ስለሚያውቅ አረንጓዴ ይቀባዋል፤ ተራራውም መጥቶ ጭኑ ላይ ይቀመጣል። የሚያውቁትን ሳይሆን የሚያዩትን ይቀቡ። ወደ ቅርብ ሲመጡ ጥቁሩ ይጠቁራል፣ ቀለሙ ይሞቃል፣ ጠርዙ ይሰላል።

አሁን አረንጓዴው። ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የአረንጓዴ ቱቦ አይግዙ፤ የፕላስቲክ ሣር ያስመስላል። ሌመን የሎውና አልትራማሪን ሲቀላቀሉ የመስከረምን ሣር ይሰጡዎታል። ሌመን የሎውን በኦከር ከለወጡት የወይራ ቅጠል ይሆናል። ሲየና ጠብ ካደረጉበት መድረቅ የጀመረ የኅዳር ሣር።

ባህር ዛፉን ግን ቀርበው ይዩት። አንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት ቅጠል አለ። ከጉቶው አዲስ የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ክብ፣ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ሰማያዊ-ነጭ ቅጠል ይይዛል። ከላይ ያለው የጎለመሰው ደግሞ እንደ ማጭድ የታጠፈና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ተንጠልጥሎ ስለሚወርድ ብርሃን በመሐሉ ያልፋል። ግንዱ ደግሞ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ ከሥሩ ክሬምና ግራጫ ይወጣል። ለአዲሱ ቅጠል አልትራማሪን፣ ነጭና በጣም ጥቂት ኦከር። ለላዩ አልትራማሪን፣ ኦከርና ጥቂት ሲየና። ዛፉን አንድ ወጥ አረንጓዴ ድብልብል አድርገው ካልሳሉት፣ በመሐሉም የሰማይ ቀዳዳዎች ከተዉለት፣ ያየ ሰው ሁሉ ባህር ዛፍ መሆኑን ሳይነገረው ያውቃል።

ግራር በተቃራኒው ጠፍጣፋ ጃንጥላ ነው፤ ሥሩ ያለው ጥላ ከዛፉ ይልቅ ዋና ነው። መጀመሪያ ጥላውን ይሳሉ።

እንስሳው፦ ከጓሮ ጀምሮ

ዋልያ ለመሳል በቀጥታ ሰሜን ተራራ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ከጓሮ ይጀምሩ። ዶሮ፣ በግ፣ የጎረቤት ውሻ። ከሁሉም ምርጡ አህያ ነው፤ ወፍጮ ቤት ደጅ እንደ እሷ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሞዴል የለም።

ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ገጽ ይዘርጉ። እንስሳው ቆሞ ሳለ በጥቂት መስመር አቋሙን ይያዙ፤ የጀርባ መስመር፣ የአንገት መስመር፣ እግሮች። ሲንቀሳቀስ ያቁሙና ጎኑ ላይ ሌላ ይጀምሩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ መጀመሪያው አቋም ይመለሳል፤ እርስዎም ወደ መጀመሪያው ንድፍ ይመለሱ። እንስሳ ሁሉ የሚደጋግማቸው አቋሞች አሉት። አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ይለያቸዋል።

ለአካሉ ሦስት እንቁላል ቅርጾች ይበቃሉ፤ ደረት፣ ዳሌ፣ ጭንቅላት። ከዚያ ያገናኟቸው። የኋላ እግር ላይ ይጠንቀቁ። ወደ ኋላ የታጠፈው መገጣጠሚያ ጉልበት አይደለም፤ ተረከዝ ነው። ጉልበቱ ከላይ ሆድ ጋ ተደብቋል። በግ፣ ውሻ፣ ቀይ ቀበሮ፣ አጋዘን ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ይህን አንዴ ከተረዱ እንስሳዎ መቆም ይጀምራል።

ቀጥሎ የማይንቀሳቀስ እንስሳ ይፈልጉ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደርቀው የተዘጋጁ የአገራችን እንስሳትና ወፎች አሉት። ቀንዱ ከየት እንደሚነሳ፣ ጆሮው ከዓይኑ ምን ያህል እንደሚርቅ እስኪበቃዎ መለካት ይችላሉ። ሕይወት የለውም፤ ሕይወቱን ከጓሮ ያመጡታል። አንበሳ ካማረዎት ደግሞ አንድነት ፓርክ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አሉ።

አሁን ሐዋሳ። አሞራ ገደል፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሐይቁ በሚመለሱበት ሰዓት፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከሰው መሐል ይቆማል። ራሰ በራ፣ ጉሮሮው ላይ ሮዝ ከረጢት፣ ትከሻውን ከፍ አድርጎ፣ ዝም። ለሰዓታት አይነቃነቅም። ዛፎቹ ላይ ደግሞ ጉሬዛ፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ ቀለም ሳይገዙ በእርሳስ የሚያልቅ ነው። ባይኖኩላር እንኳ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ጋጋኖን ይጠብቅ፤ ረጅም ጎባጣ መንቆሩን ሣሩ ውስጥ እየሰካ በየሜዳው የሚዞረው፣ ሲነሳ ሰፈሩን በጩኸት የሚያነቃው ወፍ።

ቀጥሎ ጭላዳ። ከዱር እንስሳት ሁሉ ለጡረተኛ ሠዓሊ የተሰጠ ይመስለኛል። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ከዚያ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። ሲሄድ እንኳ አይነሳም፤ በቂጡ ይንፏቀቃል። ደረቱ ላይ ያለውን ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል ይሳሉት፤ ንጹሕ ቀይ ሳይሆን ክሪምሰን፣ ነጭና ጥቂት ኦከር። የወንዱን ጎፈር ፀጉር በፀጉር አይቁጠሩ። ጥቁሩን ክፍል በሰፊ ብሩሽ ይጣሉና ጫፉ ላይ ብቻ፣ ብርሃን የነካውን ጥቂት ክር ያውጡ። ሣር ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሣሩ የሥሩን ክፍል ይሸፍነው፤ አለበለዚያ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ጭላዳ ለማየት ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅርቡ እሱ ነው። የመንዝ ጓሳና የሰሜን ተራሮች ከዚያ ይርቃሉ። ባሌ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ቅርብ ሆኖ ይታያል፤ ለቀይ ቀበሮ ግን ሳነቴ አምባ መውጣት ነው፣ እሱም ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ደም ግፊት ወይም ልብ ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ጎባ ላይ አድሮ ይውጣ። የትም ቢሄዱ የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ያጣሩ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ሳይይዙ አይገባም፤ እንስሳቱ የት እንደዋሉ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። እንስሳ አይመግቡ፤ ለሥዕል ተብሎም ቢሆን።

ፎቶ

ስልክዎን ይጠቀሙ። ግን ፎቶ ጥላውን ያጠቁራል፣ ሩቁን ተራራ ያሳንሳል፣ ሰማዩን ያነጣል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ንድፍና የቀለም ማስታወሻ ይያዙ፤ «ጥላው ወይን ጠጅ፣ ጀርባው ላይ ብርሃን» ብለው ይጻፉ። ፎቶው ለቀንዱ ቅርጽና ለጣቱ ቁጥር ያገለግልዎታል። ከኢንተርኔት የሰው ፎቶ ገልብጦ መሸጥ ግን ሌብነት ነው። ለልምምድ ከሆነ ማንም አይከለክልዎትም።

ክረምት፣ ጓደኛና ሽያጭ

ሐምሌና ነሐሴ ቤት ይሥሩ። የመስኮቱ ብርሃን ከግራ ይምጣ፣ ግራኝ ከሆኑ ከቀኝ። የበጋውን ንድፎች ወደ ትልቅ ሸራ የሚያሳድጉበት ጊዜ ነው።

ብቻዎን አይሁኑ። ሁለት ሦስት ጡረተኞች ከሆናችሁ ኮንትራት ታክሲም ይረክሳል፣ ዕቃ የሚጠብቅም አይጠፋም። ቢሾፍቱ ሲሄዱ የሠዓሊ ለማ ጉያን ጋለሪ ይጎብኙ። አየር ኃይልን አገልግለው በሥዕል፣ በተለይም በፍየል ቆዳ ላይ በሠሩት ሥራ የታወቁ ሰው ነበሩ። ሌላ ሙያ ይዞ የኖረ ሰው በብሩሽ የት እንደሚደርስ እዚያ ይታያል።

ለመሸጥ አይቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹን ለልጅ ልጅ ይስጡ፣ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፣ አንዳንዱን መልሰው ይቀቡበት። የሚጠይቅ ሲመጣ የሸራውን፣ የፍሬሙንና የቀለሙን ወጪ ደምረው፣ በላዩ የድካምዎን ያድርጉ። ዘመድ «በነፃ» ካለ የፍሬሙን ብቻ ያስከፍሉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቦታ በዚያው ሰዓት ሲስሉ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል።